ተማሪ በውጭ ንግድ መሥሪያ ቤት ምን ይማራል?

የኤኮኖሚክስ መምህራችን ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ባዘዙኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ውጭ ምንዛሪ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ ምንዛሪ በየቦታው ብዙ ተብሏል፤ እኔም ከተባለው በላይ የምጨምረው የለኝም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት በዓይኔ ስላየሁትና በእጄ ስለሠራሁት ነገር ብጽፍ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። ይኸውም ተማሪ የአገሩን የውጭ ኤኮኖሚ ጉዳይ በሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ ስለሚያደርገው የሥራ ልምምድ ነው፤ ዛሬ ኢንተርንሺፕ ወይም አፓረንት እየተባለ የሚጠራው ማለት ነው። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የውጭ ኤኮኖሚ ጉዳይ ማለት አንድ መንግሥት ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ብድርና ስለ ገንዘብ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የሚዋዋለው ውል፣ ለውሉም ሲል የሚይዘው አቋም ነው። አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1944 የዓለም ባንክንና የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ለማቋቋም በአሜሪካ በብሬተን ዉድስ ከተሰበሰቡት 44 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ2003 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመለከተች፤ ድርድሩም ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ። ማመልከቻው ጄኔቭ ሲደርስ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

ወደ ልምምዱ የገባሁት በአጋጣሚ ነው። ሰኔ ወር ላይ ፈተና እንደ ጨረስን የክፍላችን ኃላፊ መምህር ጠሩንና፣ የውጭ ንግድን የሚመለከት አንድ የመንግሥት ክፍል ሁለት ተማሪዎችን ለሦስት ሳምንት ለመቀበል መፍቀዱን ነገሩን። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ ለጽሑፌ አያስፈልግም። በውጤታችን ተመርጠን የሄድነው እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነን። በሒሳብ እርሱ ከእኔ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን ከወዲሁ የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልቤ ትልቅ ነገር ጠብቆ ነበር። እኅቴ ጫማዋን አዋሰችኝ። አምባሳደሮች የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ባንዲራና ማይክሮፎን የማይ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ በፋይል የተሞላ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኛም እትዬ አልናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት አምጥተው ፊታችን አስቀመጡና «አንዱ የእኛ የቀረጥ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ከአውሮፓ ኅብረት ታሪፍ የታተመ ነው። ወደ ውጭ የምንልካቸውን ዕቃዎች ቁጥር ከዚህ እያወጣችሁ ከዚያ ፈልጉ፤ አጠገቡ ያለውን ቀረጥ ገልብጡ» አሉን። ሦስቱ ሳምንት በዚህ አለቀ ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ቁጥር የተባለው ነገር እንዲህ ነው። በዓለም ላይ በሕግ የሚነገድ ዕቃ ሁሉ መለያ ቁጥር አለው። ይህን የሚመራው መቀመጫው በብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። የአመዳደቡ ውል በ1983 ተስማምተውበት ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ዛሬ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች ይጠቀሙበታል። ከ5,000 የሚበልጡ የዕቃ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው ስድስት አኃዝ ይዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንድ ላይ ሲነበቡ አንቀጹን፣ ስድስቱም ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ የሚያስፈልገውን አኃዝ ይጨምራል። አንድ የጃፓን ጉምሩክ ሠራተኛና አንድ የሞያሌ ጉምሩክ ሠራተኛ ቋንቋ ሳይግባቡ ስለ አንድ ጆንያ ሊስማሙ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቡናን እንውሰድ። ምዕራፍ 09 ቡናን፣ ሻይንና ቅመማ ቅመምን ይይዛል፤ 0901 ቡና ነው። ከዚያ በታች ያልተቆላ ቡና 0901 11፣ ያልተቆላ ሆኖ ካፌይኑ የወጣለት 0901 12፣ የተቆላ 0901 21፣ ተቆልቶ ካፌይኑ የወጣለት 0901 22 ይባላል። ሰሊጥ 1207 40 ነው፤ የተቆረጠ ጽጌረዳ 0603 11 ነው። በዚህ መካከል አንድ ያሳዘነኝ ነገር አለ። ጤፍን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። እትዬ ስቀው 1008 90 ላይ አሳዩኝ፤ «ሌሎች እህሎች» ከሚለው ውስጥ ገብቷል። የደቡብ አሜሪካው ኪኑዋና የምዕራብ አፍሪካው ፎኒዮ በ2012 የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል፤ ጤፋችን ግን በ2022 በወጣው እትም እንኳ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ቀርቷል። የራሱ ቁጥር የሌለው ዕቃ በዓለም ንግድ መዝገብ ላይ ምን ያህል እንደ ተሸጠ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እንጀራ የበላ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ይመስለኛል።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። በአራተኛው ቀን የቡናን መስመር ስገለብጥ 0901 11 በሚለው ፈንታ 0901 12 ብዬ ጻፍኩ። አንድ አኃዝ ብቻ ናት። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት በተለመደው ታሪፉ ላልተቆላ ቡና ምንም ቀረጥ አያስከፍልም፤ ካፌይኑ ለወጣለት ጥሬ ቡና ግን በመቶ 8.3 ያስከፍላል። ስለዚህ በእኔ ወረቀት መሠረት የአገራችን ጥሬ ቡና በአውሮፓ በር ላይ በመቶ 8.3 የሚቀረጥ ሆነ ማለት ነው። እትዬ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡትና ድምፃቸውን ሳያነሡ «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ለስብሰባ ቢቀርብ ኖሮ ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው መጽሐፉን ገልጦ ያሳየናል። ከዚያ በኋላ ትክክል የጻፍነውንም አያምነንም» አሉኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜም ከኋላ ወደ ፊት አነብ ነበር።

ከዚህ ጥፋት ይልቅ የሚበልጠውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ እርሱም የቁጥር ሳይሆን የአሳብ ጥፋት ነበር። የተቆላ ቡና ላይ ስደርስ በመቶ 7.5 የሚል አየሁ። ጥሬው ዜሮ፣ የተቆላው 7.5! በዚያች ሰዓት የአፍሪካ ድህነት ምሥጢር የተገለጠልኝ መሰለኝ። ጥሬውን በነፃ አስገቡ፣ ቆልታችሁ ብትመጡ ግን ክፈሉ የሚል ሕግ አውጥተው ፋብሪካ እንዳናቆም ከለከሉን ብዬ ደመደምኩ። ማታውኑ ሁለት ገጽ ጽፌ በማግሥቱ ለእትዬ አቀረብኩ። አንዳንድ ቃላቴ በጣም ኃይለኞች ነበሩ፤ እዚህ አልደግማቸውም።

እትዬ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም መጽሐፉን ወደ እኔ አዙረው «ቀጥሎ ያለውን ዓምድ አንብቢ» አሉኝ። ቀጥሎ ያለው ዓምድ በልዩ ስምምነት ቀረጥ የሚቀነስላቸው አገሮች የሚጻፉበት ነው። ዜሮ ይላል። ለካስ የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ በማደግ ረገድ እጅግ ወደ ኋላ የቀሩ ከሚባሉት አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ማንኛውንም ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይቀበላል፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ናት። በመቶ 7.5 የሚከፍሉት ይህ መብት የሌላቸው ለምሳሌ እንደ ብራዚል ያሉ አገሮች ናቸው። የእኛ የተቆላ ቡና በዚያ በር በነፃ ያልፋል። በሩ ከሃያ ዓመት በላይ ክፍት ሆኖ ሳለ ወደ አውሮፓ የምንልከው ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥሬ ነው።

አንድ ሰው አንድ ዓምድ ብቻ አንብቦ ምን ያህል ሊቈጣ እንደሚችል ያየሁት በራሴ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ስንከራከር፣ በየሬዲዮውም ሲወራ ስሰማ፣ ይኸው የ7.5 ታሪክ ተደጋግሞ ሲነገር ሰምቻለሁ። ለብዙ አገር ነገሩ እውነት ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም። የእኛን ምክንያት ከሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

«ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው። «እርሱን ፈልገሽ ነገ ንገሪኝ» አሉኝ። ማታ ለእናቴ አወጋኋት። እናቴ መንገድ ዳር የጀበና ቡና ትሸጣለች፤ ስለ ቡና የማታውቀው የለም ማለት ይቻላል። ትንሽ አሰበችና «እኔ እንኳ ትናንት የቆላሁትን ዛሬ ለደንበኛ አላቀርብም። ጥሬው ግን ጆንያ ውስጥ ወራት ቢቀመጥ ምንም አይለውም» አለችኝ። መልሱ ይህ ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ። ጥሬ ቡና ብዙ ወራት ይቆያል፤ የተቆላ ግን ሽታው ቶሎ ይሄዳል፤ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ፣ በመጋዘን ሰንብቶ፣ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ እንዳይበላሽ ልዩ ማሸጊያ ይፈልጋል። በማግሥቱ ከእትዬ ሌላውን ግማሽ ተማርኩ። የአውሮፓ ቆዪዎች የኢትዮጵያን ቡና ብቻውን አይቆሉትም፤ ከብራዚል፣ ከኮሎምቢያና ከቬትናም ጋር ደባልቀው በራሳቸው ስም ያሽጉታል። ገዢውም የሚያውቀው የዚያን ስም ነው። እኛ የእኛን ብቻ ቆልተን ብንልክ ደንበኛው የለመደውን ድብልቅ አናቀርብለትም፤ ስማችንንም አያውቀውም።

ስም ገንዘብ መሆኑን መንግሥታችን አንድ ጊዜ በሚገባ አሳይቷል። በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ታላቁ የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጉዳዩን ባልወደደው ጊዜ ብዙ ክርክር ሆነ፤ በ2007 ግን ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ፈረሙ። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ ድርድሩ ስለ ቀረጥ አለመሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ሌላ አንድ ፋይል ልጥቀስ። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው ሕግ የብዙ አፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደች። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ወጣች። ከዝርዝሩ የተሠረዘው አንድ ቃል ነው፤ ሐዋሳ ላይ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ልጃገረዶች ግን ብዙዎቹ እንጀራቸውን አጡ። የብዙዎቹ ዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚርቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ልምምዱ ጉዳይ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ለወላጆችም ጭምር የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነውና። በሌላ አገር ተማሪዎች ወደ እንዲህ ያለው ሥራ እንዴት እንደሚገቡ አጥንቻለሁ። የአውሮፓ ኮሚሽን ከ1960 ጀምሮ ወጣቶችን ለአምስት ወር ይቀበላል፤ በንግድ ክፍሉም ጭምር። ለተለማማጁ የሚሰጠው ገንዘብ አንድ አዲስ ገቢ ባለሙያ ከሚያገኘው መነሻ ደመወዝ አንድ አራተኛ ያህል ነው። የዓለም ንግድ ድርጅትም በጄኔቭ ለተለማማጆቹ የቀን አበል እንዲሰጥ ደንብ አውጥቷል፤ የሚቀበለውም የአባል አገሮችን ልጆች ብቻ ሳይሆን ለመግባት የሚደራደሩትን አገሮች ልጆች ጭምር ነው። ዕድሜው ግን 21 የሞላውና የመጀመሪያ ዲግሪውን አልፎ የሚማር መሆን አለበት፤ ስለዚህ እኛ ገና ነን።

የአሜሪካው ታሪክ የተለየ ነው። በዚያ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ የሚሠራለትን ሰው እንዳይቀበል ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። በ1978 የወጣ ሕግ ግን ተማሪን ከዚህ ክልከላ ለይቶ አወጣው። በዚህም ምክንያት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የኤኮኖሚ ክፍል፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩና እነዚህን የመሳሰሉ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን በነፃ ሲያሠሩ ኖሩ። ዋሺንግተን ደግሞ የቤት ኪራይ የሚወደድባት ከተማ ናት። በነፃ ለመሥራት የቻለው አባቱ ኪራዩን የሚከፍልለት ልጅ ብቻ ነበር። ይህ ብዙ ወቀሳ ካስነሣ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በ2022 ለተለማማጆቹ መክፈል ጀመረ። በ2015ም ከኒው ዚላንድ የመጣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ጄኔቭ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ያለ ደመወዝ ሲለማመድ ድንኳን ውስጥ ማደሩ ተሰምቶ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጽፎ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ያነበብኩት ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው። ለማንበብ ያነሣሣኝ ግን በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የሆነው ነገር ነው። ሰኞ ጧት ቢሮ ስገባ የጓደኛዬ ወንበር ባዶ ነበር። ማክሰኞም አልመጣም። እትዬ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት እርሱ ከእኔ ሦስት እጥፍ መስመር ይገለብጥ ነበር፤ አንድም አኃዝ አልሳተም። እትዬም «ይህን ልጅ አደራ እንዳታጠፉብኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ተመልሶ ይምጣልኝ» ብለው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ሒሳብ ልከፍል እጄን ስዘረጋ ረዳቱ እርሱ ሆኖ ተገኘ። ሁለታችንም ደነገጥን። ገንዘቤን አልቀበልም አለኝ። ከመውረጃዬ በፊት እንደነገረኝ፣ ክረምት ሲመጣ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆነውን የሚያገኘው በዚህ ሥራ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ የመጓጓዣ ይሰጠናል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ሳይሰጥ ሲቀር ለእናቱ ተጨማሪ መጠየቅ አፈረ። እኔ የቀጠልኩት እናቴ በየማታው ከስኒዋ ሽያጭ ቆጥራ የታክሲ ስለምትሰጠኝ ነው። በመካከላችን የነበረው ልዩነት በቀን 70 ብር ነው። የችሎታውም ልዩነት በተቃራኒው በኩል ነበር።

መሥሪያ ቤቱን ለመውቀስ አይደለም። እትዬ ምሳቸውን አካፍለውኛል፤ ለተማሪ የሚከፈል በጀት እንደሌላቸውም በግልጽ ነግረውኛል። ልምምዱ ደግሞ በገንዘብ የማይተመን ነው ብል አልዋሽም፤ ቀጥሎ ያለውን ዓምድ ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው። ነገር ግን አገራችን ወደፊት በጄኔቭ ይሁን በብራስልስ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቁጥር የሚቆጥርላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው የሚመረጠው ለታክሲ ያለው ስለሆነ ከሆነ ምርጫው ገና ከዚህ፣ ከእኛ ክፍል ይበላሻል።

ስለዚህ ኅዳር ወር ላይ ለወላጆች ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ ጽፌ በርእሰ መምህሩ በኩል አስገብቻለሁ። በሚመጣው ክረምት መሥሪያ ቤቱ እንደገና ሁለት ተማሪዎችን ቢቀበል ትምህርት ቤታችን የመጓጓዣቸውን እንዲችል የሚጠይቅ ነው። ለአንድ ተማሪ መሄጃ 35 ብር፣ መመለሻ 35 ብር፣ በ15 የሥራ ቀን 1,050 ብር፤ ለሁለት ተማሪዎች 2,100 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ለሁለቱ 1,050 ብር ብዬ ጽፌ ነበር። ያረመኝ ያ ጓደኛዬ ነው፤ የመመለሻውን ረስቼዋለሁ።